መኪና በሌለበት መንገድ ላይ አጥንቴን ሰበርኩ

ሙኒክ ውስጥ ብስክሌት መንዳት የጀመርኩት በሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው። አዲስ አበባ ሳድግ ሴት ልጅ ብስክሌት ላይ ከወጣች ሰፈሩ ሁሉ ቆሞ ያያታል፤ ስለዚህ ሞክሬውም አላውቅ። (ዛሬ አዲስ አበባ መንገድ ለመኪና በሚዘጋባቸው የመንገድ ለሰው እሑዶች አስፋልት ላይ የሚነዱ ልጃገረዶችን ፎቶ ሳይ ትንሽ እቀናለሁ፣ አልዋሽም።) እዚህ መጥቼ አረጋውያን መንከባከቢያ ስቀጠር ግን የጠዋቱ ፈረቃ ባቡር በቅጡ ሳይመላለስ ነው የሚጀምረው። አሮጌ የኮርስ ብስክሌት ገዛሁ። ወደድኩት። ከዚያ አንድ ቀን ከቆመ መኪና ውስጥ አንዱ በሩን ድንገት ከፈተብኝ። ብዙም አልተጎዳሁም፤ ግን ከዚያ ወዲህ ከኋላዬ የመኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ሰውነቴ ኩምትር ይላል። ብስክሌቱ ምድር ቤት ውስጥ ስምንት ወር አቧራ ጠጣ።

ይህን የምጽፈው እንደኔ መኪና ለምትፈሩ ነው። አልፕስ ተራራ ውስጥ፣ ሰሜን ጣሊያን ላይ፣ ወንዝ ተከትሎ የሚወርድ መቶ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል የብስክሌት መንገድ አለ። አብዛኛው መኪና አይገባበትም፤ መንደር ውስጥ ሲያልፍ ብቻ ለትንሽ ጊዜ ከመኪና ጋር ትጋራላችሁ። ሁለት ጊዜ ሄጄበታለሁ። በመጀመሪያው ከአንገቴ ሥር ወደ ትከሻ የሚሄደውን አጥንት ሰብሬ ተመለስኩ። በሁለተኛው ጨረስኩት። የሰበረኝ መኪና አልነበረም፣ መንገዱም አልነበረም። እኔው ራሴ ነኝ።

መንገዱን ያሳዩኝ ጋሼ ናቸው። በቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው፣ ስድሳዎቹን የጀመሩ፣ በወጣትነታቸው አገር ቤት ብስክሌት የተወዳደሩ ሰው ናቸው። ዛሬም እግራቸው ብረት ነው። "መኪና ከሆነ የምትፈሪው መኪና የሌለበት እወስድሻለሁ" አሉኝ።

ሸለቆው በጀርመንኛ ፊንሽጋው፣ በጣሊያንኛ ቫል ቬኖስታ ይባላል። ወንዙም ሁለት ስም አለው፤ ለአንዱ ኤች ነው፣ ለሌላው አዲጄ። አካባቢው እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት የኦስትሪያ ነበር፤ በፈረንጆቹ 1919 በውል ለጣሊያን ተሰጠ። ሕዝቡ ግን በሸለቆው ላይኛው ክፍል እስካሁን ጀርመንኛ ነው የሚናገረው። ይህን የምነግራችሁ ለታሪክ ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ መንደር፣ እያንዳንዱ ባቡር ጣቢያ ሁለት ስም ስላለው ነው። ቦልዛኖ እና ቦትሰን አንድ ከተማ መሆናቸውን ሳታውቁ ትኬት ለመቁረጥ ብትሞክሩ ግማሽ ሰዓት ከስልካችሁ ጋር ትጣላላችሁ። ከመሄዳችሁ በፊት የምታልፉባቸውን መንደሮች ስም በሁለቱም ቋንቋ ወረቀት ላይ ጻፉ። ወረቀቷ በኋላ ለሌላ ነገርም ትጠቅማለች፣ እደርስበታለሁ።

መነሻው ሬሸን የሚባል የተራራ ማለፊያ ነው፣ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ። መድረሻው ቦልዛኖ 262 ሜትር ላይ። ቁጥሩን ሳይ ሳቅኩ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ እኔ የከፍታ ልጅ ነኝ፤ ይሄ ደግሞ ሁሉም ቁልቁለት! "ጋሼ፣ ይሄማ ቁጭ ብሎ መንሸራተት ነው" አልኳቸው። "እኔ የማውቃቸው ብስክሌተኞች ሁሉ የወደቁት ቁልቁለት ላይ ነው" አሉኝ። ሰማሁ፣ አላዳመጥኩም።

ስለ ወረቀት አንድ ነገር። ከጀርመን ኦስትሪያ፣ ከኦስትሪያ ጣሊያን ስትገቡ ድንበሩ መኖሩንም ላታውቁት ትችላላችሁ። ስትመለሱ ግን የጀርመን ፖሊስ ባቡር ላይ ወጥቶ ይፈትሻል፣ ማንን ቶሎ እንደሚጠይቅ ደግሞ ታውቃላችሁ። ፓስፖርትና የመኖሪያ ፈቃድ፣ ዋናውን፣ ፎቶውን ሳይሆን ዋናውን ያዙ። የጥገኝነት ጉዳያችሁ ገና በሂደት ላይ ከሆነ ከጀርመን መውጣት አይፈቀድላችሁም፤ ለአንድ ቅዳሜና እሑድ ሽርሽር ፋይላችሁን አታበላሹ። ሸለቆው የትም አይሄድም።

አዲስ ዓመትን ባከበርን በሳምንቱ፣ ሴፕቴምበር አጋማሽ አልፎ፣ ሐሙስ ዕለት ተነሳን። በባቡር ኢንስብሩክ፣ ከዚያ ላንዴክ፣ ከዚያ ብስክሌት በሚጭን ማመላለሻ መኪና ወደ ላይ። ማታ ሬሸን አንዲት ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ አደርን። ቦርሳዬ ውስጥ ለብርድ ብዬ የያዝኩት አንድ ነጠላ ነው። በቃ፣ ነጠላ። ጋሼ ሲያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ዓርብ ጠዋት ስንወጣ ሰባት ዲግሪ ነበር። እኔ ደግሞ ጿሚ ነኝ፤ ዓርብን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውሃም አልቀምስም፣ ከልጅነቴ የለመድኩት ነው፣ ሥራ ቦታም አስቸግሮኝ አያውቅም። ጋሼ ዳቦ በማርማላታ ሁለት ሳህን አጣጣሙ። "እኔ ዛሬ መንገደኛ ነኝ፣ አንቺም ነሽ" አሉኝ። ክርክር አልፈለግኩም፣ ዝም አልኩ። የንስሐ አባቴን አስቀድሜ ደውዬ ብጠይቅ ሁለት ደቂቃ ነበር የሚፈጀው። ይህን የምጽፈው ጾም ላይ አስተያየት ለመስጠት አይደለም፣ እሱ የእናንተና የንስሐ አባታችሁ ጉዳይ ነው። ግን እንዲህ ያለ ረጅም መንገድ በጾም ቀን እንዳይውል አድርጋችሁ አቅዱ፣ ካልሆነም አስቀድማችሁ ተመካከሩ። ቀኑን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ቅዳሜም ነበር፣ ሰኞም ነበር።

ሬሸን ላይ ከሐይቅ መሐል የቆመ የቤተ ክርስቲያን ደወል ማማ አለ። ፎቶውን ሳታዩት አትቀሩም። የ14ኛው ክፍለ ዘመን ማማ ነው። በፈረንጆቹ 1950 ለመብራት ኃይል ግድብ ሲሞላ ግራውን የሚባለው መንደር ከ160 በላይ ቤት ይዞ ውሃ ውስጥ ገባ፤ ማማው ብቻ ቀረ። በክረምት ሐይቁ በረዶ ሲሠራ ደወሉ ይሰማል ይላሉ፤ ደወሉ ግን መንደሩ ከመስጠሙ በፊት ወርዷል። ምን ልበላችሁ፣ አንጀት ይበላል። አንድ ሰዓት ተኩል እዚያ ፎቶ ሳነሳ አጠፋሁ። መንገዱ በሐይቁ በሁለቱም በኩል አለ፤ ማማውን ለማየት በምሥራቅ፣ ጸጥታ ለሚፈልግ በምዕራብ፣ ምዕራቡ ግን ትንሽ ወጣ ገባ ይበዛዋል።

ከሐይቁ በታች እውነተኛው ቁልቁለት ይጀምራል። እስከ ግሉርንስ ድረስ ስድስት መቶ ሜትር ያህል ትወርዳላችሁ። ጓንት የለኝም። ጣቶቼ ደነዘዙ፤ ፍሬን እየያዝኩ ይሁን አይሁን እጄን በዓይኔ እያየሁ ነበር የማረጋግጠው። ጋሼ አስቆሙኝ፣ ከማረፊያው ያመጡትን ጋዜጣ አጥፈው "ከካናቴራሽ ሥር ደረትሽ ላይ አድርጊው" አሉኝ። የድሮ ተወዳዳሪዎች ዘዴ ነው። ሳቅኩ፣ ግን አደረግኩት፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ደረቴ ሞቀ። ነጻ ነው፣ ተጠቀሙበት።

ከዚያ ጎማው የሚያርፍበትን ብረት፣ ቸርኬውን፣ "ንኪው" አሉኝ። ጣቴን ላስነካ ስል አቃጠለኝ። ከላይ ጀምሬ ፍሬኑን ሳልለቅ ይዤ ነው የወረድኩት። ቸርኬ ላይ የሚይዝ ፍሬን እንዲህ ሲያዝ ይግላል፣ ሲብስ በጎማው ውስጥ ያለውን የአየር ላስቲክ፣ ከመነዳሪውን፣ ሊያፈነዳ ይችላል። ያዝ፣ ለቀቅ፤ ያዝ፣ ለቀቅ፤ በሁለቱም እጅ፤ ከመታጠፊያው በፊት እንጂ መታጠፊያው ላይ አይደለም። ጋሼ የፊቱን ፍሬን ጎንበስ ብለው አዩና ላስቲኩ አልቆ ብረት ሊነካ ምንም እንዳልቀረው ነገሩኝ። ገመዱን አጠበቁልኝ። "ታች ወርደን ጎሚስታ እንፈልግና ይቀየር" አሉ። ግሉርንስ ስንደርስ ግን መሬቱ ሜዳ መሰለ። ዙሪያዋን የግንብ አጥር ያላት ከአንድ ሺህ የማይበልጥ ሰው የሚኖርባት ትንሽዬ ከተማ ናት፣ በጣም ታምራለች፣ ወንዙም እዚያ ጋ ገና ጅረት ነው። "ጋሼ፣ ቁልቁለቱ አለቀ፣ ነገ እንቀይረዋለን" አልኩ። ረፋዱ አልፎ ነበር፣ ጊዜም ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ስለዚህ መቸኮል ጀመርኩ።

እስካሁን የሠራሁትን ቁጠሩልኝ። አልበላሁም፣ አልጠጣሁም፣ በርዶኛል፣ ፍሬኔ አልቋል፣ ረፍዶብኛል። አንዱም ለብቻው አይጥልም። እኔ ደግሞ ስድስተኛ ጨመርኩበት፤ ማዳመጫ ጆሮዬ ውስጥ ከትቼ መዝሙር ከፈትኩ። መኪና የለም፣ ምን እሰማለሁ ብዬ!

ከግሉርንስ በታች ያለውን ልነግራችሁ እፈልጋለሁ ምክንያቱም የሚያታልለው እሱ ነው። ከላይ ከሬሸን የሚመጣ ነፋስ አለ፣ ዛፎቹ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ያዘነበሉት በሱ ነው። ከኋላ ይገፋችኋል። እግራችሁ ምንም ሳይሠራ ሠላሳ፣ ሠላሳ አምስት ትሄዳላችሁ፤ ጎበዝ የሆናችሁ ይመስላችኋል። ላስ የሚባለው መንደር ጋ ነጭ እብነ በረድ በትልልቅ ድንጋይ ተቆልሎ ይታያል። ከዚያ በኋላ ፖም፣ ፖም፣ ፖም። ሸለቆው ደረቅ ነው፣ በዓመት የሚዘንብለት ትንሽ ነው፤ ስለዚህ ፖሙን በቧንቧ የሚያጠጡት በሚሽከረከር መርጫ ነው። ውሃው ለፖሙም ለአስፋልቱም ይደርሳል። በዚያ ላይ የፖም መልቀሚያ ወቅት ነው፣ ትራክተር ከዛፎቹ መሐል ጭቃ ይዞ ይወጣል፣ የወደቀ ፖም መንገድ ላይ ይፈጫል። መኪና አይገባም ማለት የገበሬው ትራክተር አይገባም ማለት አይደለም። መሬቱ የሱ ነው፣ ሥራው ነው፣ እኛ ነን እንግዶቹ።

ስምንት ሰዓት ገደማ ነበር። ዓይኔ ብዥ ማለት ከጀመረ ቆይቷል፤ ነፋስ ነው ብዬ ነው ያለፍኩት። ጋሼ ከኋላ "ትራክተር!" ብለው ጮኸዋል፣ እኔ መዝሙር እሰማለሁ። ከዛፎቹ መሐል ቀይ ነገር ብቅ ሲል ያለኝን ሁሉ ፍሬን ያዝኩ። የፊት ጎማዬ እርጥቡ ላይ ሸሸ። መሬት ስመታ የሰማሁት ድምፅ ከውጭ ሳይሆን ከውስጤ ነበር፣ ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት። ትራክተሩ አልነካኝም። ቆሞ ነበር እንዲያውም፤ የምትነዳው ሴትዮ ገና ሳልደርስ አይታኝ ቆማለች።

አሁን በጥሞና አንብቡልኝ። ስትወድቁ ቶሎ አትነሱ። እኔ ከኀፍረት የተነሳ ዘልዬ ልቆም ነበር፣ ጋሼ ትከሻዬን ሳይሆን ጭንቅላቴን ይዘው "ተኚ" አሉኝ። ስሜን ጠየቁኝ፣ ቀኑን ጠየቁኝ። የራስ ቁሬ በጎን በኩል ተሰንጥቋል፤ ጣሊያን ውስጥ ለአዋቂ ግዴታ አይደለም፣ እኔ ግን እሱን ስንጥቅ እስካሁን ቤቴ አስቀምጬዋለሁ። ክንዴን ማንም እንዳይጎትተው አደረጉና በዚያች በናቋት ነጠላ አንገቴ ላይ አሰሩልኝ። ሴትዮዋ የፖም ጭማቂ አመጣች። ሰዓቱን አልጠየቅኩም፣ ጠጣሁ።

በመላው አውሮፓ የአደጋ ጊዜ ቁጥር 112 ነው። ጋሼ ደወሉ። "የት ናችሁ?" ሲሉ ጋሼ ዝም። እኔም ዝም። ፖም ውስጥ ነን፣ ምን እንበል? ሴትዮዋ ስልኩን ወስዳ በራሷ ቋንቋ ነገረቻቸው፤ ጀርመንኛ ነው፣ ግን እኛ ሙኒክ የለመድነው አይደለም፣ አንድ ቃል አልያዝንም። እሷ ባትኖርስ? እዚህ ላይ ነው ያች የመንደር ስም ወረቀት የምትመጣው። በየመንደሩ ስታልፉ ስሙን ወረቀቷ ላይ በጣታችሁ እየተከተላችሁ ሂዱ፤ ቢያንስ "ላስን አልፈናል፣ ሽላንደርስ አልደረስንም" ማለት ትችላላችሁ። ስልካችሁ ላይ ያላችሁበትን ቦታ መላክ ደግሞ ከቤት ሳትወጡ ተለማመዱ፣ እጃችሁ እየተንቀጠቀጠ አትማሩትም።

ሆስፒታሉ ደህና ነበር። የጀርመን መደበኛ የጤና መድን ያላችሁ ሰዎች፣ የካርዳችሁን ጀርባ ገልብጣችሁ እዩት፤ እሱ የአውሮፓ የጤና ካርድ ነው፣ ጣሊያን ውስጥ ይሠራል። እኔ ስምንት ዓመት ይዤው ጀርባውን አይቼው አላውቅም። ታማችሁ ወደ ጀርመን መመለሻ የሚያስፈልገውን ወጪ ግን አይሸፍንም፣ ለሱ ርካሽ የጉዞ መድን ለብቻ አለ። አጥንቱ ተሰብሯል ግን አልተዛባም፣ ቀዶ ጥገና አያስፈልግም ተባልኩ። ስድስት ሳምንት።

ያዳነን ባቡሩ ነው። ከግሉርንስ አጠገብ ካለችው ማልስ እስከ ሜራኖ ከተማ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ትንሽ ባቡር ከብስክሌቱ መንገድ ጎን ለጎን ይሄዳል። በፈረንጆቹ 1990 ተዘግቶ ነበር፣ በ2005 እንደገና ተከፈተ። ጋሼ ሁለት ብስክሌት እየጎተቱ፣ እኔ በነጠላ ታስሬ፣ እያዘገምን ቦልዛኖ ገባን። ደክሟችሁ፣ ፈርታችሁ፣ ዝናብ መጥቶባችሁ ቢሆን ጣቢያው ሁልጊዜ ቅርብ ነው፤ ይህን አስቀድሜ ባውቅ ኖሮ አልቸኩልም ነበር። ብስክሌት የሚይዘው ቦታ ግን በበጋ ቶሎ ይሞላል፣ ደንቡም ይለዋወጣልና ከመሄዳችሁ በፊት እዩት። ከዚህ ሁሉ የተሻለው ደግሞ ከጣቢያ ብስክሌት ተከራይቶ ሌላ ጣቢያ ላይ መመለስ ነው። ገና ጀማሪ ከሆናችሁ ሬሸንን ተዉት፤ በባቡር ማልስ ድረስ ውጡና ከዚያ ወደ ሜራኖ ውረዱ። የሚያስፈራው ቁልቁለት አብዛኛው ከማልስ በላይ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ቦልዛኖ ውስጥ ቡና ፍለጋ ስንዞር ጋሼ ድንገት ቆሙ። የመንገድ ስም ጽሑፍ እያዩ ነው። አምባ አላጌ ይላል። የኛው አምባ አላጌ! ራስ መኮንን ኅዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም. የሻለቃ ቶሴሊን ጦር የደመሰሱበት ተራራ፣ አልፕስ መሐል ላይ የመንገድ ስም ሆኗል። የጋሼ ቤተሰብ ከዚያው ከማይጨው አካባቢ ነው፤ አያታቸው በ1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ ዘምተዋል። ያን ቀን ከፊታቸው ከተሰለፈው የጣሊያን ጦር አንዱ ፑስቴሪያ የሚባል የተራራ ክፍለ ጦር ነበር፣ ስሙን ያገኘው እዚሁ አውራጃ ውስጥ ካለ ሸለቆ ነው። ጋሼ ብዙ አላወሩም። "አያቴ ጠላታቸው የመጣበትን አገር አላዩም፣ እኔ አየሁላቸው" አሉና ቡና እንጠጣ አሉ።

ክረምቱን ሙሉ ትከሻዬን ስፈራ ከረምኩ። አጥንቱ በስድስት ሳምንት ገጠመ፣ ፍርሃቱ ግን አልገጠመም። የረዳኝ አንድ ነገር ቢኖር ትንሽ ትንሽ መጀመር ነው፤ መጀመሪያ ከቦታው በማይነቃነቅ የቤት ውስጥ ብስክሌት፣ ከዚያ እሑድ ጠዋት በኢዛር ወንዝ ዳር፣ አሥር ኪሎ ሜትር፣ ተመለሽ። ከዚያ ሃያ። ጋሼ በየሳምንቱ ይደውላሉ፣ "ስንት ሆነ?"

ሰኔ ላይ ተመለስን። ማክሰኞ ነው፣ ሐዋርያት ጾም ውስጥ ነን፣ የንስሐ አባቴን አስቀድሜ አነጋግሬያለሁ። ፍሬኑ አዲስ፣ ጓንት አለ፣ ቀጭን የነፋስ ጃኬት አለ፣ ማዳመጫው ሙኒክ ቀርቷል። አንዱ ጠርሙስ ውስጥ ውሃ፣ ሌላው ውስጥ በሶ። አዎ፣ በሶ! በጥቂት ማርና ጨው ቀጠን አድርጌ በጠበጥኩት። ሱቅ ውስጥ በሦስት ዩሮ የሚሸጥ ጄል ሆዴን ያመኛል፤ በሶ አባቶቻችን እግራቸውን ተማምነው አገር ያቋረጡበት ስንቅ ነው፣ ለጾምም ይሆናል። ኪሴ ውስጥ ቆሎ። ሳይርበኝ በየሃያ ደቂቃው አንድ ጭብጥ፣ ሳይጠማኝ አንድ ጉንጭ። ውሃ አትግዙ፣ መንደሩ ሁሉ ምንጭ አለው፤ "ካይን ትሪንክቫሰር" የሚል ጽሑፍ ካለበት ብቻ አትጠጡ፣ አይጠጣም ማለት ነው።

ለሁለት ቀን ከፈልነው። የወደቅኩበት ቦታ ስንደርስ ወርጄ በእግሬ አለፍኩ፣ መርጫውም አልተከፈተም ነበር፣ ትራክተርም የለም፣ ግን በእግሬ አለፍኩ። ማንም አልሳቀብኝም። ናቱርንስ አደርን። በሁለተኛው ቀን ከቶል ወደ ሜራኖ የሚወርደው ጥምዝምዝ አለ፣ ከላይ ወደ ታች እየታጠፈ የሚሄድ፤ ሕፃናት በኤሌክትሪክ ብስክሌት ከሚነዱ አያቶቻቸው ጋር ወደ ላይ እየመጡ ነው። ቀኛችሁን ያዙ፣ ቃጭል ምቱ፣ የማይታይ መታጠፊያ ላይ የመራመድ ያህል ቀንሱ።

ከሜራኖ እስከ ቦልዛኖ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ሜዳ ነው። ቀላሉ ይሄ ነው ብዬ ነበር። ከሰዓት ግን ሸለቆው ሲሞቅ ነፋሱ ከታች ወደ ላይ ይነሳል፣ ከፊት ነው የሚመጣው፤ ቦልዛኖ ደግሞ በበጋ ከጣሊያን በጣም ከሚሞቁት ከተሞች አንዷ ናት። ይህን ክፍል በጠዋት ጨርሱት። እኛ ሜራኖ ላይ ምሳ አራዘምንና ተቀጣን። ጋሼ ከፊት ሆነው "ከኋላዬ ተጠለይ፣ ጎማሽን ከጎማዬ አትራቂ" እያሉ ሠላሳውን ኪሎ ሜትር ጎተቱኝ ማለት ይቻላል።

ከተማው መግቢያ ላይ የኋላ ጎማዬ ተነፈሰ። ጠርሙስ ስባሪ። እየገፋን አንዲት ትንሽ ጥገና ቤት ገባን፣ ነጭ ጸጉር ያላቸው ጣሊያናዊ ሽማግሌ ናቸው ያሉት። እኔ በአማርኛ ለጋሼ "ጎማው ደህና ነው፣ ከመነዳሪው ነው የተበሳው" ስል ሽማግሌው ቀና አሉ። "ካሜራ ዳሪያ?" ተያየን። ጋሼ ፍሬኑን ጠቁመው "ፍሬን" አሉ፣ ሽማግሌው "ፍሬኖ!" ማርሹን፣ "ማርቻ!" ቸርኬውን፣ "ቸርኪዮ!" ሰንሰለቱን ሲነኩ ሽማግሌው ቀድመው "ካቴና" አሉ፣ እኛ ሳቅን፤ ለኛ ካቴና ፖሊስ ነው የሚያስረው።

ሽማግሌው ከመነዳሪውን እየቀየሩ በተሰባበረ ጀርመንኛ ከየት እንደመጣን ጠየቁ። ጋሼ ኮራ ብለው "ከአምባ አላጌ አጠገብ" አሏቸው።

"አሃ፣ ቅርብ ናችሁ" አሉ ሽማግሌው፣ ፓምፑን እያነሱ። "ስንት ቁጥር?"